ስለ ተረትና ምትሃት መጻሕፍት እንዲሁም ስለ ዕለት ኑሯችን

(በኡካ ከተማ በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባችን ከተያዙት ጉዳዮች አንዱ በአዳራሻችን ጥግ የቆመው የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ለመደርደሪያው ተጨማሪ መጻሕፍት እንዲገዙ ከማኅበሩ ሣጥን ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውን ባለፈው ስብሰባ ተነጋግረንበት ሳንጨርስ እንደ ተለያየን ታስታውሳላችሁ። አንዳንድ አባሎቻችን «የእርሻ፣ የጤናና የትምህርት መጻሕፍት ይገዙ፤ ተረቱና ምትሃቱ ግን ይቅርብን» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ያቀረቡትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ውሸት ነው። ሁለተኛ፣ ሥራ ያስፈታል። ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቆላና ስለ አስማት ስለሚያወራ የልጆችን ልብ ያበላሻል።

ይህ አስተያየት ለልጆቻችን ከማሰብ የመጣ ስለሆነ በቅንነት እንቀበለዋለን፤ መልሳችንንም በቅንነት እናቀርባለን። ይህን ስንናገር ሊቃውንት ነን ብለን አይደለም። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ እንደማያልፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ ከሥራ መልስ ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋም በባትሪ፣ እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ስናነብ ብዙ ዓመት ስለ ቆየን ያየነውን መናገር እንችላለን።

ተረት ውሸት ነውን?

ውሸታም ሰው ወሬውን ሲጀምር «አሁን ልዋሻችሁ ነው» አይልም። ቢልማ ማን ይሰማዋል? ተረት ነጋሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ «ተረት ተረት» ይላል፤ ሰሚውም «የመሠረት» ብሎ ይቀበለዋል። በኦሮምኛም «ዱሪ ዱሪ» ተብሎ ይጀመራል፤ ድሮ ድሮ እንደ ማለት ነው። ሲያልቅም ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይጨርሳል። እንግዲህ ተረት መግቢያና መውጫ በር አለው ማለት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ከበሩ ውጪ ሲሆን ጅብና አህያ አብረው ቆመው እንደማያወሩ ያውቃል።

የመጽሐፉም ተረት እንዲሁ ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል፤ ልብ የወለደው፣ ከልብ የፈለቀ ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአማርኛ የመጀመሪያው ነው የሚባለውን ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ሲያሳትሙ ስሙን «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም ታወቀ። በመጽሐፉ ውስጥ ጦቢያ የምትባለው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ የወደቀውን መንታ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። እንዲህ ያለች ልጅ በእውነት ነበረች ብለው አፈወርቅ አላታለሉንም፤ ገና በሽፋኑ ላይ ልብ የወለደው ነው ብለው ነገሩን። ያም ሆኖ ያነበበ ሰው ሁሉ ስለ እኅትና ወንድም የሚያስበው አንድ ነገር ይዞ ይወጣል።

በእኛ ዘመንም ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው «ዴርቶጋዳ» የጣናን ሐይቅና ገዳማቱን ከሳይንስ፣ ከስለላና ከምስጢር ጋር አያይዞ የተጻፈ ነው። መጽሐፍ ይዘው አይተናቸው የማናውቃቸው ወጣቶች እርሱን እየተዋዋሱ ሲያነቡ አይተናል። ይህም ልብ ወለድ መሆኑን ማንም አልደበቀም። ስለዚህ ውሸት የሚለው ክስ የሚገባው በሩን ለደበቀ ወሬ እንጂ በሩን ከፍቶ ላሳየ ተረት አይደለም።

በተረት ውስጥ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ምትሃት ያለባቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ብታዩዋቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ምትሃቱ ሁልጊዜ ዋጋ ይጠይቃል።

ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ጋር የሚታተመውን የአላዲንን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ጠንቋዩ የአላዲንን ፋኖስ ለመውሰድ ሲፈልግ በጉልበት አልመጣም። «አሮጌ ፋኖስ ያለው፣ በአዲስ እለውጣለሁ» እያለ በመንደሩ ዞረ። የአላዲን ሚስት የአሮጌውን ፋኖስ ኃይል ስለማታውቅ፣ አዲሱ ስላብረቀረቀ ብቻ አውጥታ ሰጠችው። ቤቱም ሀብቱም በዚያው ሄደ።

ሌላም አለ። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ ኢትዮጵያዊው መስፍን ስለ ራስላስ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ሰውየው አገራችንን በዓይኑ አላየም፤ ቀደም ብሎ በ1735 የፖርቱጋላዊውን ቄስ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ስለ ነበር ስለ እኛ ያወቀው ከዚያ ነው። መጽሐፉን የጻፈውም የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማታ ማታ እንደ ሆነ ይነገራል። ዕድር የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ኋላም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ራስላስ በተራሮች በተከበበ፣ ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ይኖራል፤ ግን መውጣት ይፈልጋል። አንድ ብልኅ ሠራተኛ «ክንፍ ሠርቼ በአየር አወጣሃለሁ» አለው። አንድ ዓመት ሙሉ ሠራ። ቀኑ ሲደርስ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ክንፉን ዘርግቶ ዘለለ፤ ወዲያውም ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። በአየር ያልያዘው ክንፍ በውሃው ላይ አንሳፈፈውና መስፍኑ በድንጋጤ ግማሽ ሞቶ አወጣው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ክንፍ አለኝ ያለው ሰው ራሱ ቀድሞ ዘሏል። የዛሬዎቹ ክንፍ ሻጮች ግን ራሳቸው አይዘሉም፤ የእናንተን ልጅ ነው የሚያዘልሉት።

ቶልኪን የሚባለው ሌላው እንግሊዛዊም እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ትልቅ ታሪኩን አሳትሟል። በዚያ ውስጥ ያለው ቀለበት ጣቱ ላይ ያጠለቀውን ሰው ከዓይን ይሰውረዋል። ምን የመሰለ ነገር ነው! ግን ቀለበቱን ረዥም ጊዜ የያዘው ሰው የቀለበቱ ባሪያ ይሆናል፤ ወገኑንና የቀድሞ ስሙን እስኪረሳ ድረስ ይመነምናል። ይህን የጻፈው ሰው ወጣት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሶም ግንባር የተዋጋ ነው። ሥራ ፈትቶ ሕልም ሲያልም የኖረ ሰው አይደለም።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለምንድን ነው? ሠፈራችን ምን እንደ ደረሰበት ስለምናውቅ ነው። ስም አንጠራም። አንድ ደላላ ወደዚህ መጥቶ፣ በየቤቱ ቡና እየጠጣ፣ ስለ ዓረብ አገር ሥራ ያወራውን ብዙዎቻችን በጆሯችን ሰምተናል። ደመወዙ ብዙ ነው፤ ሥራው ቀላል ነው፤ የመንገዱ ወጪ በሁለት ወር ይመለሳል፤ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ አለ። «ተረት ተረት» አላለም። ያ ወሬ በር አልነበረውም። አንድ ቤተሰብ ጥማድ በሬውን ሸጠ፤ ሌላው ከአያት የወረሰውን የቡና መሬት አሳልፎ ሰጠ። አሮጌውን ፋኖስ በአዲስ ለወጡ ማለት ይኸው ነው። ከሄዱት ልጆች አንዱ ድንበር ሳይሻገር ባዶ እጁን ተመልሷል፤ የአንዷ ልጅ እናት ግን እስከ ዛሬ ስልኳን ከእጇ አትለይም።

ተረት ያነበበ ሁሉ አይታለልም አንልም። ብዙ አንብቦ የተታለለም አለ። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ፋኖሱንም፣ ክንፉንም፣ ቀለበቱንም የሚያውቅ ልጅ፣ አንድ ሰው መጥቶ ድንቅ ነገር ሲያወራለት በልቡ «ዋጋው ምንድን ነው? የሚከፍለውስ ማነው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ይኖረዋል። ይህን ጥያቄ የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ካለ እሰየው፤ ርካሹና ልጆች ወደው የሚማሩት ግን ይህ ነው።

ከአካባቢያችን የወጣ ምስክር

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል እንዳይኖር ከራሳችን አገር እንናገር። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ያለችውን ሁሩሙን ሁላችንም እናውቃታለን። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሁሩሙ አጠገብ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። በኦሮምኛ ሂካ ማለት ተርጓሚ ማለት ነው። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጣ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የምንላቸው እኒህ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ሙሉውን አሳትመዋል።

ከእርሳቸው ጋር የሠሩት አስቴር ጋኖም እንዲሁ በባርነት የተሸጡ ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1886 የተጫኑበት መርከብ በጣሊያኖች ተይዞ ነጻ ወጡና በምጽዋ አጠገብ በኢምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1894 ሁለቱ አንድ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ምን ይመስላችኋል? ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ነው። አስቴር ከትዝታቸው እያወጡ የሰበሰቡት አምስት መቶ ያህል እንደ ነበር ተጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያቺ ልጅ እናትና አባቷን፣ ቤቷን፣ አገሯን ወስደውባታል። ፈንጋዮቹ ሊወስዱባት ያልቻሉት በእሳት ዳር የሰማችውን ተረት ነው። ጊዜው ሲደርስም ያ ተረት ለሕዝቧ ልጆች ፊደል ማስቆጠሪያ ሆነ። ተረት ለማይረባ ሰው የሚሆን ነገር ቢሆን ኖሮ እኒያ ሁለት ሰዎች በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አልፈው ሲያበቁ ጊዜያቸውን ባልሰጡት ነበር።

ሥራ ያስፈታልን?

ይህ ክስ ትንሽ እውነት አለበት። ቡና በሚለቀምበት ወራት አንድ ጎረምሳ መጽሐፍ ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጥ አባቱ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ግን አባቶቻችን ይህንን ነገር ቀድመው አስበውበታል። ተረት የማታ ነው ይሉ ነበር፤ በቀን መተረት ነውር ነው እየተባለ ልጆች ይከለከሉ ነበር። ማታ ግን በቆሎ እየተፈለፈለ፣ ቡና እየተለቀመና እየተቆላ ይተረታል። እጅ ይሠራል፣ ጆሮ ይሰማል። ስለዚህ እኛም ጊዜውን እንወስን እንጂ ነገሩን አንከልክል።

ደግሞም እንዲህ ያለው መጽሐፍ የዕለት ኑሮን ያስንቃል የሚሉ አሉ። እኛ ያየነው ተቃራኒውን ነው። አንድ ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ አስደናቂ ጫካ አንብቦ ሲጨርስ ቀና ሲል የሚያየው ምንድን ነው? የራሳችንን ጫካ ነው። ጉሬዛው በቅርንጫፍ ላይ ይዘላል፤ ጉሙ ረፋድ ድረስ አይገፈፍም። ቀፎ ሰቃዩ በጨለማ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ጭስ ይዞ ይወጣል። የሶር ፏፏቴ ከመቱ ብዙ ሳይርቅ ጫካው መካከል ይወርዳል። ጎረቤታችን ያዩ ያለውን የዱር ቡና ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር መዝገብ ውስጥ ያስገባው ለከንቱ አይደለም። እኛ ግን በየቀኑ ስለምናየው አናየውም። መጽሐፉን ያነበበው ልጅ አያቱን «ይህ ዛፍ ማን ይባላል? ያኛውስ?» ብሎ ይጠይቃል። አያትየውም ዋንዛ፣ ብሳና፣ ቀረሮ እያለ ይነግረዋል። የዛፉን ስም የሚያውቅ ልጅ ዛፉን ዝም ብሎ አይቆርጥም። ስለዚህ ነገሩ ከቡናችንም ከእንጀራችንም ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ አስማቱ ጉዳይ

በዚህ ነገር የእምነት አባቶችን መካሪነት እናከብራለን። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ክፉው አስማተኛ አሸንፎ ሲጨርስ ያነበብንበት ጊዜ ከስንት አንዴ ነው። የአላዲን ፋኖስ የተመለሰው ጠንቋዩ ከተሸነፈ በኋላ ነው፤ ቀለበቱም በመጨረሻ በእሳት ጠፍቷል። ይሁንና ለልጁ የሚመርጠው ወላጅ ነው። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም «ይህን መጽሐፍ ልጄ እንዳይወስድ» ካለ ለመደርደሪያው ኃላፊ ይንገር፤ ቃሉ ይከበርለታል። አንዱ ለራሱ ልጅ የከለከለው ግን ለሠፈሩ ሁሉ እንዲከለከል መጠየቅ የለበትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ ባቀረብነው መሠረት የሚከተለው ለስብሰባው ውሳኔ ቀርቧል፤

1ኛ/ ከማኅበሩ ሣጥን ለመጻሕፍት የሚወጣው ገንዘብ እኩል ይከፈል፤ ግማሹ ለእርሻ፣ ለጤናና ለትምህርት መጻሕፍት፣ ግማሹ ለልብ ወለድና ለተረት ይዋል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይገዛ።

2ኛ/ መደርደሪያው ከሥራ ሰዓት በኋላ ብቻ ይከፈት። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ከእሑድ በስተቀር ቀን ቀን ዝግ ይሁን።

3ኛ/ የሚያነቡ ልጆች ለማያነቡ እናቶችና አባቶች በሳምንት አንድ ማታ በአዳራሹ ጮክ ብለው ያንብቡ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ፣ ዛሬ ግን ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን በመካከላችን አሉ። ያን ጊዜ ወጣቱ አስተማራቸው፤ ዛሬም ወጣቱ ያንብብላቸው።

4ኛ/ አንድ ትልቅ ደብተር ተገዝቶ በመደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። አረጋውያን የሚያውቁትን ተረት በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ ተማሪዎች ይጻፉ። አስቴር ጋኖ ከባርነት ወጥተው ብቻቸውን የሠሩትን ሥራ አንድ ሠፈር ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ሊያቅተው አይገባም። አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቀብር ያስፈጽማል፤ ከእርሳቸው ጋር የሚቀበረውን ተረት ግን እስካሁን ያስቀረ የለም።

5ኛ/ ወደ ሠፈራችን መጥቶ ስለ ውጭ አገር ሥራ የሚያወራ ሰው ሲኖር ቤተሰብ ብቻውን አይወስን። ወደ ማኅበሩ ይምጣና በጋራ እንጠይቀው። የምንጠይቀውም ተረት ያስተማረንን ነው፤ ዋጋው ምንድን ነው? የሚከፍለውስ ማነው? አንተስ ቀድመህ ትዘልላለህ ወይ?

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ከአንድ በሬ ዋጋ ያነሰ ነው። ባለፈው ጊዜ ከሠፈራችን የወጣው በአንድ ሰው ጣፋጭ ወሬ ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ነበር። እጅ ስታነሡ ይህንን አስቡ። የተቃወማችሁ አባሎችም ሐሳባችሁን ከዚህ በኋላ በነጻ ተናገሩ፤ ተራው የእናንተ ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ